ባላደራው ይቀጥሉ ወይ

ኅዳር ፳፭፣ ሰኞ፣ ጠዋት

አድማሱ፣ ተነስ። ረፍዷል። የኔታ ወይራው ሥር ተቀምጠዋል። እምዬ ያንተ መደብ ላይ መተኛት እምቢ ብላ መሬት ላይ ናት። እኔም በአንተ በኩል ያለውን ምንም አልነካሁም።

አርባህ ቅዳሜ ነው። እምዬ እስከዚያ አለች። በማግስቱ የባላደራ ቀን። የቅኔ ትምህርት ቤታችን ባላደራ የባላምባራስ ተገኘ ዘመን ሞልቷል፤ ይቀጥሉ ወይ ይባላል። ደንቡን ታውቃለህ። የኔታ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። ቅር ያለው ይቆማል፣ ተማሪም ቢሆን። አንድ ሰው ከቆመ ሹመቱ አይጸናም።

እኔ እቆማለሁ።

ኅዳር ፳፯፣ ረቡዕ

ትምህርት አልገባኝም። የማስበው ያንን ወረቀት ብቻ ነው።

ጣሊያኖች ድልድዩ ላይ ኬላ ሲያቆሙ፣ ተማሪውን ከሽፍታ እንዲለዩት ባላምባራስ የስማችንን ዝርዝር ሊሰጧቸው አሰቡ። ለደግ ነበር። ጸሐፊው እኔ፤ እጄ ቆንጆ ነው ተብሎ። የዓለም ስም ምን ያደርጋል፣ ቤተ ክርስቲያን የምትጠሩበትን ጻፍ አሉኝ። ወልደ ሚካኤል ብዬ ጻፍኩህ።

ከእኛ መጀመሪያ የወረድከው አንተ። ስንቅ ልታመጣ፣ ወደ እምዬ አገር፣ ወደ አምበር። ስምህን ጠየቁህ፣ አድማሱ አልክ። እምዬ የምትጠራህን። አስተርጓሚው ዝርዝሩን አየ፤ የለህም። ከኋላህ የነበረው ጨው ነጋዴ ነው የነገረን። ሁለት ጥይት።

በምን ስም እንደጻፍኩህ አልነገርኩህም። አንድ ጎጆ እያደርን። ረሳሁት።

ኅዳር ፳፰፣ ሐሙስ

ባላምባራስ መጡ። መደብ ላይ አልተቀመጡም፤ ደጃፉ ላይ፣ አፈር ላይ። ከዚያ፦

«ልጄ፣ እሑድ ቅር ካለህ ቁም። እኔን አፍረህ እንዳትቀመጥ።»

እምዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማታ ጥበቡ፣ ከተማሪዎች ሁሉ አንጋፋው፣ ወሬ ይዞ መጣ። ባላምባራስ ከወረዱ ወንበሩን የሚጠብቀው የአስተርጓሚው አማች ነው። የማኅበሩን ቤት፣ የምንማርበትን፣ ለወታደር በቅሎ ጋጣ ሊሰጥ ቃል ገብቷል አሉ።

«እንግዲህ ቅኔውን ለበቅሎ እንዘርፍላታለን» አለ። «እሷ እንኳ ስሟ አንድ ነው።»

ከሞትክ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ ፩፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ። ወይራው ሥር። የኔታ አንድ ጊዜ ጠየቁ። ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ቆምኩ።

ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩ። ለወንድሜ ያልነገርኩትም እኔ ነኝ። ቅር ብሎኛል፣ እስክሞት ቅር ይለኛል። ግን ይቀጥሉ።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቆሞ ይቀጥሉ ማለት በደንባችን የለም፣ ልጄ። ቁም፣ ወይ ተቀመጥ።»

እምዬን አየኋት። ከሴቶቹ መካከል፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ። ምንም ምልክት አልሰጠችኝም።

ተቀመጥኩ። አድማሱ፣ ተቀመጥኩ።

ሹመቱ ጸና። ማንም እልል አላለም። ባላምባራስ ኩታቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ታኅሣሥ ፪፣ ሰኞ

እምዬ ሄደች። ባላምባራስ ራሳቸው በቅሏቸው ላይ አስቀምጠው፣ በእግራቸው እየሄዱ፣ ኬላውን አሻገሯት። ሲመለሱ አንድ ነገር ለመንኳቸው፦ ዝርዝሩ እንደገና ይጻፍ። እሺ አሉ።

ታኅሣሥ ፫፣ ማክሰኞ

ብቻዬን ነቃሁ። ተነስ ልልህ አፌን ከፈትኩ። ቆሎውን ሁለት ቦታ ከፍዬ ነበር፤ አንዱን በላሁ።

ሳይነጋ ወረቀት ይዤ ጎጆ ለጎጆ ዞርኩ። በየደጁ ቆሜ ስምህ ማነው አልኩ፤ ሌላውስ? ስንት ዓመት አብረን ለምነን በልተን፣ እናቶቻችን የሰጡንን ስም አንተዋወቅም። ጥበቡን እናቱ የምትጠራው አባቡ ብላ ነው። አልሳቅሁም፤ ሁለቱንም ጻፍኩ።

መጨረሻ ወደ ጎጇችን ተመለስኩ። መደብህ ላይ ተቀመጥኩ። የራሴን ሁለት ስም ጻፍኩ። ከራሴ በላይ አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ። ባላምባራስ ምነው ቢሉኝ፣ የወንድሜ ነው እላቸዋለሁ።