መሬት አይቃጠልም

መጋቢት 9 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጣዬ፣

እንዴት ነሽ? ሆድሽስ እንዴት ይዞሻል? እግሬ ያብጣል ብለሽኝ ነበር፤ ትራስ ላይ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው እንጂ እንደ ልማድሽ ቆመሽ አትዋይ። እስከ ሰኔ ገና ብዙ ቀን አለ። ባልሽን ሰላም በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፣ ቆሟል። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ባለፈው በስልክ ስትጮኺብኝ ከነቤቴ የተቃጠልኩ ይመስል ስለነበር ነው። በስልክ ደግሞ አንቺን አሸንፌ አላውቅም፤ ማልቀስ ስትጀምሪ አፌ ይተሳሰራል። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም።

«ቤቱን ሽጠህ ጠቅልለህ ና» አልሽኝ። አልሸጥም። ጠቅልዬም አልመጣም። ይኸው ተጻፈ።

የተቃጠለው የጎረቤታችን የባለ ሱቁ ቤት ነው። እሳቱ የተነሳው ከኤሌክትሪክ ገመድ ነው አሉ። ሰው አልተጎዳም፤ ጣሪያውና ሁለቱ የኋላ ክፍሎች ግን ወደሙ። የእኛ አጥር ጠቆረ እንጂ ወደ ውስጥ አላለፈም። በማግስቱ መንደሩ በሙሉ የኢንሹራንስ አዋቂ ሆነ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ባለ ሱቁ እንኳ ኢንሹራንስ ነበረው። በየዓመቱ የሚከፍለው አረቦን እንዲያንስለት ብሎ ግን ቤቱን ያስመዘገበው በግማሽ ዋጋው ነው። የተቃጠለው ግማሹ ብቻ ስለሆነ ካሳውን በሙሉ የሚያገኝ መስሎት ነበር። ግማሽ ያስመዘገበ ሰው የጉዳቱንም ግማሽ ነው የሚያገኘው ብለውት አረፉ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! አሁን ግድግዳው ላይ ሸራ ወጥሮ፣ እሱ ራሱ እህቱ ቤት ተጠግቷል።

አንቺ ከዚህ ሁሉ የተማርሽው «ሽጥ» የሚል ነው። እኔ ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩ።

ቢሮው ከፋርማሲው በላይ ነው። የተቀበለችኝ ወኪል በዕድሜ አንቺን የምታህል፣ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ የምትሰካ ልጅ ናት። ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ ደላላውን ጠይቄ፣ እሱ ያለኝን ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ዋጋ ከየት መጣ?»

«ከደላላ።»

«ደላላው እኮ መሬቱንም ጨምሮ ነው የገመተልዎት። መሬት አይቃጠልም። ቤቱ ቢወድም እንደገና ለመሥራት ስንት እንደሚፈጅ ነው እኔ የምፈልገው።»

ሳቋን ለመያዝ ስትታገል እኔ ቀድሜ ሳቅኩ። ለማይቃጠል ነገር አረቦን ልከፍል ነበር! አንድ ግንበኛ ይዤ መጥቼ ቤቱን ዞርነው፤ ድንጋዩን፣ ቆርቆሮውን፣ እንጨቱን፣ የእጅ ዋጋውን በዛሬ ገበያ አሰላልኝ። ደላላው ካለው በእጅጉ አነሰ፤ እኔና እናትሽ ከሠራንበት ዋጋ ጋር ግን አይወዳደርም።

ወደ ቢሮው ስመለስ ልጅቷ «ቤቱ ውስጥ ሥራ ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ባልሽ ስልኩን ካንቺ ተቀብሎ ምን እንዳለኝ ታስታውሻለሽ? «አባባ፣ የሶፋ ሥራውን አያንሱባቸው፤ ተራ መኖሪያ ቤት ነው ይበሏቸው፣ ይቀንስልዎታል።» ለእኔው አስቦ ነው፣ አልቀየምኩትም። ነገሩም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የኋላው ክፍል ትዝ አለኝ፤ እስከ ጣሪያው የተከመረው ስፖንጅ፣ የኮላው ጣሳ፣ የጨርቁ ቁርጥራጭ። ያ ክፍል እንኳን ለእሳት ለትኩስ ወሬም አይመችም። ዋሽቼ በየዓመቱ ስከፍል ኖሬ፣ የተቃጠለ ዕለት መጥተው አመዱን ሲያዩ «መኖሪያ ብቻ ነው ብለው አልነበር?» ብለውኝ ቢሄዱስ? ያኔ እነሱን ልከስ ነው ወይስ አማቼን?

«ሶፋ ሠሪ ነኝ» አልኳት። «ስፖንጅ አለ፣ ኮላ አለ፣ የደንበኛ ሶፋም አለ።»

አረቦኑ ዘለለ። እኔም ከወንበሬ ዘለልኩ። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም፤ ምን ባደርግ እንደሚወርድ አስረዳችኝ። ስፖንጁንና ኮላውን ከቤቱ ለይቼ ግቢው ጥግ የቆርቆሮ መጋዘን ሠራሁላቸው። በር ላይ እሳት ማጥፊያ ሰቀልኩ። ትንሽ ጉዳት ሲደርስ የመጀመሪያውን ወጪ ራሴ እንድችል ተስማማሁ፤ ለተሰበረ መስታወት የሰው ደጅ አልጠናም፣ እጅ አለኝ። አንዲት መምህር እንዳድስላት ያመጣችው ሶፋ እኔ ዘንድ ሳለ ቢቃጠል ግን የቤቱ ሽፋን አይነካውም ስትለኝ ለእሱ ለብቻ ከፈልኩ። የሰው ንብረት ነው። የጎርፍ ሽፋን ልጨምርልዎት ስትለኝ እንቢ አልኳት። እዚህ ዳገት ላይ ጎርፍ ከደረሰ ከተማውም የለ፣ ኢንሹራንሱም የለ። ለማያስፈልገኝ ነገር አልከፍልም አልኳት፤ እሷም ልክ ነዎት አለችኝ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛም አስመጣሁ። ከኮርኒሱ የሳበው ገመድ አይጥ ልጦት መዳቡ ብቻ ቀርቶ ነበር። በዚያ ሥር ነው ስተኛ የኖርኩት። በዚህ አንቺ ትክክል ነበርሽ፤ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጽፈው። አሁን ሁሉም አዲስ ነው።

እንግዲህ ሽጥ የምትይኝ ይህን ቤት ነው። የሳሎኑን መስኮት ዝቅ ያስደረገችው እናትሽ መሆኗን ታውቂያለሽ? ያኔ ቤቱን የሠራልን ግንበኛ «እንዲህ ያለ መስኮት ሠርቼ አላውቅም» ብሎ ሲከራከራት፣ «እኔ ቁጭ ብዬ ስሰፋ መንገዱን ማየት እፈልጋለሁ፤ አንተ ቆመህ እይ» አለችው። ከሞተች ወዲህ በዚያ መስኮት ሥር ተቀምጬ የሶፋ ጨርቅ የምቆርጠው እኔ ነኝ። ይናፍቀኛል ድምፅዋ። ለመስኮት ካሳ አለ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ግን የትም ቢሮ ሽፋን አይሸጥም። ደግሞስ የት ልታስቀምጪኝ ነው ያሰብሽው? የላክሽልኝን የሳሎናችሁን ሶፋ ፎቶ አይቼዋለሁ። ያን ሶፋ የሠራው ሰው ማነው? የመደገፊያው ስፌት ተጣሟል። ዕድሜዬን በሙሉ ሶፋ ሠርቼ እዚያ ላይ ተቀምጬ ልጦር? ሞቼ ነው ቆሜ!

ውሉን ከመፈረሜ በፊት ልጅቷ ሁሉንም አነበበችልኝ። መጨረሻ አካባቢ፣ ቤቱ ከአንድ ወር በላይ ሰው ካልኖረበት ሽፋኑ አይሠራም ይላል። እዚህ ላይ ደስ አለኝ። ይኸው፣ ውሉ ራሱ አትሂድ ይላል ብዬ ልጽፍልሽ ቃላቱን መደርደር ጀምሬ ነበር።

«መራቅ ካሰቡ እስከ ሦስት ወር የሚፈቅድ ተጨማሪ ውል አለ» አለችኝ። «ትንሽ ያስከፍላል።»

«የትም አልሄድም።»

«እሺ ጋሼ» ብላ ገጹን ገለበጠችው።

እናትሽ ብትኖር በሰኔ ማን አጠገብሽ እንደሚሆን ማንም አይጠይቅም ነበር። እኔ ሕፃን ማጠብ አላውቅም። አንቺን እንኳ አንድ ቀን ነው ያጠብኩሽ፣ እሱንም ሳሙናው ዓይንሽ ገብቶ መንደሩ ተሰበሰበ።

«ቆይ» አልኳት። «መልሺው ገጹን።»

«ልጻፈው?»

«ጻፊው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኔ።»

ከዚህ ምንም ትርጉም እንዳታወጪ። ባልሽም አያስላ። ቤቴን አልሸጥኩም፣ ቃሌንም አላጠፍኩም። ያን ሶፋ ግን ሌላ ሰው እንዳይነካው፤ የተጣመመ ስፌት በደብዳቤ አይቃናም።

አምላክ በሰላም ይገላግልሽ። የሚመጣው ልጅ ያንቺን እልህ ሳይሆን የእናትሽን ሳቅ ይውሰድ። እልሁ ከማን እንደመጣ አላውቅም።

የትም የማይሄደው
አባትሽ