ሥፍራቸውን ያልደበቁት የዶን ሁቬናል ማርዶኔስ ዕረፍት

የካሌታ ፒኡሬ መንደር ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መሥራችና የረጅም ዘመን ጸሐፊ የነበሩት ዶን ሁቬናል ማርዶኔስ ባለፈው እሑድ በ71 ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላትና ለባሕር ዳርቻችን ነዋሪዎች ስናሳውቅ የሚሰማን ሐዘን ብቻ አይደለም፤ እፍረትም ነው።

ዶን ሁቬናል እ.ኤ.አ. በ1989 ማኅበሩን ከአሥራ አራት ጓደኞቻቸው ጋር አቋቁመዋል። ለሃያ ሁለት ዓመታት ቃለ ጉባኤ በእጃቸው ጽፈዋል፤ በ1997ቱ ማዕበልም የሁለት አባላትን ሕይወት አትርፈዋል።

በ2011 ማስገር የሚከለከልበትን የባሕር ክልል ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ የመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ስብሰባ ጠራ፤ እያንዳንዱ አስጋሪም የሚያሰግርበትን ቦታ ካርታ ላይ እንዲያመለክት ተጠየቀ። በእኛ ዘንድ ጥሩ ቦታ ለወንድምም አይነገርም። ስለዚህ ሁላችንም ዓሣ የሌለበትን ውኃ አከበብን። የጸሎት ቤቱ ደወልና ቀዩ ገደል ከባሕር ሲታዩ በአንድ መስመር የሚውሉበትን የራሳቸውን ሥፍራ በትክክል ያሳዩት ዶን ሁቬናል ብቻ ነበሩ። በዕለቱ ቃለ ጉባኤ ላይ «ኧረ ዶን ሁቬናል፣ የሚስትዎንም ጓዳ ይሳሉልና!» የሚል ፌዝና «ካልነገርናቸው በምን ያውቃሉ? ባዶ ነው ብለው ይዘጉብናል» የሚል መልሳቸው ሰፍሯል። ሳቅንባቸው።

በ2013 ክልሉ ታወጀ። «ማንም አይጠቀምበትም» ተብሎ የተዘጋው በካርታው ላይ ባዶ የተውነው፣ የሁላችንም መተዳደሪያ የነበረው ውኃ ነው። የእሳቸው ሥፍራ ክፍት ቀረ። ማኅበሩም «ሸጦናል» ብሎ በቀጣዩ ዓመት ከአባልነት ሰረዛቸው። እሳቸው ግን ከዚያ ሥፍራ አንዳችንንም አልከለከሉም። ሰላምታ ነፍገናቸው፣ ልጆቻችንን ያሳደግነው ከእሳቸው ውኃ ባወጣነው ዓሣ ነው።

ካርታው እንዲታረም ለአሥር ዓመታት ለመሥሪያ ቤቱ አቤት ብለናል። የሚሰጠን መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በገዛ እጃችሁ የሳላችሁት ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ዘንድሮ ጉባኤው ይቅርታ ሊጠይቃቸውና አባልነታቸውን ሊመልስ ወስኖ ደብዳቤው ተፈርሟል። ልንሰጣቸው የነበረው ባረፉ ማግሥት፣ ሰኞ ነው። ለባለቤታቸው ለዶኛ ኦርፊሊና ስንወስድላቸው «ለኔ ምን ያደርግልኛል? የተበደለው እሱ፤ ሂዱና ለሱ አንብቡለት» ብለው መልሰውልናል።

ለዶኛ ኦርፊሊና፣ ለሦስቱ ልጆቻቸውና በአንድ ጀልባ አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ደብዳቤውን ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት መቃብራቸው ላይ እናነባለን። ሌላ ማድረግ የምንችለው ነገር አላገኘንም።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ
ካሌታ ፒኡሬ