ቻርሊና መቻል

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ማንተግቦሽ፣

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብዎ ይብዛልዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እኔ እዚህ ሜልበርን፣ ሜድስቶን ሰፈር፣ ከልጄ ከጽገሬዳ ጋር ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ አስቸግሮናል።

ጽገሬዳ ቻርሊ የሚባል ውሻ አምጥታልኛለች። እኔው አልጋ ላይ ይተኛል። እማዬ ብታየው ኖሮ ከነአልጋው ወደ ውጭ ትጥለን ነበር። ካልሲዬን እየሰረቀ ጓሮ ሲቀብር የልጅነት ውሻችን መቻል ትዝ ይለኛል። ከሞተ ሃምሳ ዓመት አለፈው አይደል? የበዓሉን ሥጋ ይዞ ሲሮጥ እርስዎ ዱላ ይዘው እስከ ወንዙ አሳደዱት። ወባ የያዘዎት ጊዜ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከደጃፍዎ አልነሣም ያለው እሱ ነው።

ቻርሊም እንደዚያው ነው። ማክሰኞ ከፓርክ ስንመለስ ቁልፌ በሩን አልከፍት ብሎኝ ስታገል፣ ሱሪዬን ነክሶ ጎተተኝ። ለካ የእኛ በር ሦስት ቤት አልፎ ነው። እዚህ አገር ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ትናንት ደግሞ ሳሎን ተቀምጬ ሳለሁ እየጮኸ ወጥ ቤት ወሰደኝ። የሻዩ ማንቆርቆሪያ ውሃው አልቆ ጠቁሮ ነበር። ጽገሬዳ «ዳድ፣ ዶክተር ቡክ አድርጌልሃለሁ» አለችኝ፤ ቀጠሮ ያዝኩልህ ማለቷ ነው። የጉንፋን ክትባት ይሆናል።

በሉ እንግዲህ፣ ጌታ በዕድሜ ጠብቆ ያገናኘን። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። መቻልንም ራሱን ዳበስ ያድርጉልኝ፤ የበዓሉን ሥጋ ወሰደ ብለው ውጭ እንዳያሳድሩት።

ታናሽ ወንድምዎ አዲሱ