አፋቸውን ያዳለጣቸው ዕለት፦ የጋሽ ጡሩምባ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ጋሽ ጡሩምባ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ ከተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ ከማሞቂያ ክፍል ሠራተኛ አባታቸውና ከፈትል ክፍል ሠራተኛ እናታቸው ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ለቅሶ መንገድ ማዶ ድረስ ተሰምቶ ኖሮ፣ አዋላጇ "ይሄስ ጡሩምባ ነው" አሉ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ትምህርት ቤት ገብተው ደወሉ በተሰበረ ጊዜ፣ አዲስ እስኪገዛ ድረስ የዕረፍት ሰዓት ማለቁን በር ላይ ቆመው የሚያሳውቁት እሳቸው ነበሩ። ሲያጫውቱን "ከተማርኩት ይልቅ የጮኽኩት ይበልጣል" ይሉ ነበር።

ይህን የማነብላችሁ የእህታቸው ባል ነኝ። የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ራሱን አያስገባም ይባላል። እኔ ግን በእሳቸው ታሪክ ውስጥ የገባሁት ሳልፈልግ ነውና ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

ጋሽ ጡሩምባ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በፋብሪካው ሽመና ክፍል ተቀጠሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የፈረቃ አለቃ ሆኑ። እዚያ አዳራሽ የሠራ ያውቀዋል፤ ማሽኖቹ ሲነሱ የወለሉ ንዝረት በጫማ ሶል አልፎ ጥርስ ድረስ ይሰማል፣ የጥጥ ብናኙ ቅንድብ ላይ ያርፋል። ጆሮው ደህና የነበረ ሰው አልነበረንም። ከሚነገረን ነገር የምንይዘው መጨረሻውን ቃል ብቻ ስለነበር፣ "ደመወዝ ዛሬ የለም፣ ነገ ይከፈላል" ሲባል "ይከፈላል" የምትለዋን ይዘን ተሰልፈን እንገኛለን። በዚያ ጫጫታ መሀል የሚሰማው የጋሽ ጡሩምባ ድምፅ ብቻ ነበር።

በሃያ አምስት ዓመታቸው በክር ማጠንጠኛ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። "ታገቢኛለሽ ወይ?" ብለው የጮኹት መብራት ጠፍቶ ማሽኖቹ በሙሉ ቀጥ ባሉባት ቅጽበት ስለነበር፣ ጥያቄውን አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ባለቤታቸው እሺ ያሉት ከሐፍረት ለመገላገል እንደሆነ እስከ ዛሬ ይናገራሉ። አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው፣ አሳድገው ለቁም ነገር አብቅተዋል።

አብዮቱ ሲፈነዳ እንደ ብዙዎቻችን ደስ ብሏቸው አደባባይ ወጡ። ያ ደስታ የውሸት አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት ግን ከበላይ ኮሚቴ አንድ ሊቀመንበር ተላከልን። ፂሙ ገና በወጉ ያልበቀለ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ያለው የማይመስል ወጣት ነበር። ክፉ ነበር ልል ይከብደኛል፤ የሚለውን ሁሉ ከልቡ ያምን ነበር፤ ያስፈራንም ይኸው ነው። በመጣ ሳምንት የመመገቢያ አዳራሹን ግድግዳ ነጭ አስቀብቶ፣ በትልልቅ ቀይ ፊደል "ሕዝብ አይሳሳትም" ብሎ አስጻፈበት። ቀጥሎም መፈክር የሚያሰማለት ሰው ፈለገ። ከጋሽ ጡሩምባ ሌላ ማን ሊገኝ?

መፈክር ቀላል ሥራ ነው። አሰሚው "አብዮታችን ለዘላለም ይኑር!" ሲል፣ ሕዝቡ እጁን ጨብጦ "ይኑር! ይኑር! ይኑር!" ይላል። "አሻጥረኛ ይውደም!" ሲልም "ይውደም! ይውደም! ይውደም!" ይባላል። እኛ የምንሰማው መጨረሻውን ቃል ነው፤ እሱን እንመልሳለን።

በመመገቢያ አዳራሹ ስብሰባ በአሻጥር ተከሰው መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ እንዲቆሙ የተደረጉት የፋብሪካው የሒሳብ ሹም ነበሩ። ጋሽ ጡሩምባ የተባሉትን አሰሙ፣ እኛም መለስን፣ ሹሙም በማዕድ ቤቱ በር ተወሰዱ። ጋሽ ጡሩምባ ነገሩ መፈክር ብቻ መስሏቸው ነበር። ሹሙ ግን አልተመለሱም፤ ኮታቸው ቢሯቸው ውስጥ ከወንበራቸው መደገፊያ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ይህ ነገር ከታሪካቸው እንዳይዘለል ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። የሽመና ማሽኖቹ መካኒክ ነበርኩ። ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ መለዋወጫ ጠፍቶ የተወሰኑ ማሽኖች ቢቆሙ፣ ሊቀመንበሩ "አሻጥር ነው" አለ። ጉዳዬ ለሠራተኛው ስብሰባ እንደሚቀርብ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ተነገረ። በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ አቆሙኝ። ከፊቴ አብረውኝ የሠሩ፣ አብረውኝ የበሉ ሰዎች ናቸው፤ አንዱም ቀና ብሎ አያየኝም። ሊቀመንበሩ ረጅም ንግግር አድርጎ ሲጨርስ ለጋሽ ጡሩምባ ምልክት ሰጠ። እሳቸውም ደረታቸውን ነፍተው፣

"ይህ አሻጥረኛ፣ ይህ የአብዮቱ ጠላት፣ ለዘላለም ይኑር!" አሉ።

"ይኑር! ይኑር! ይኑር!" አለ አዳራሹ፣ እጁን ጨብጦ።

ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቁን ሊውጥ ሲል አመለጠው።

"ጓድ፣ ምንድን ነው ያልከው?" አለ ሊቀመንበሩ።

"አፌን አዳለጠኝ፣ ጓድ።"

"እንደገና በል!"

ይሄኔ የፈትል ክፍሏ አዛውንት አለቃ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ "ኧረ ልጄ፣ ሕዝቡ እኮ አንዴ ብሏል። አይሳሳትም አላልክም እንዴ?" አሉት።

ሊቀመንበሩ ግድግዳውን አየ። ራሱ ያስጻፈው ነው፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። ከዚያም፣ "ሕዝቡ በሥራ ታርሞ ይኑር ብሎ ፈርዷል" አለና ከጠረጴዛው እንድወርድ አዘዘ። ለመውረድ ሁለት ሰው ደገፈኝ።

ጋሽ ጡሩምባን ግን በዚያው ቀን ወሰዷቸው። ማን እንደላካቸው በዱላ ሲጠየቁ፣ የሰጡት መልስ "አፌን አዳለጠኝ" የሚል ብቻ ነበር። በመጨረሻ ታክቷቸው ለቀቋቸው። ሲመለሱ ያ ድምፅ አልነበረም፤ ጉሮሯቸው ተጎድቶ ከዚያ ወዲህ የሚናገሩት በሹክሹክታ ነበር። እኛም ጡሩምባ ማለቱን አልተውንም፣ እሳቸውም አልተቀየሙም። "አሁንማ ከሚስቴ ጋር ጎረቤት ሳይሰማን እንጨቃጨቃለን" እያሉ ይስቁ ነበር። ሊቀመንበሩም ብዙ አልቆየም፤ በዓመቱ ሌላ አዳራሽ ውስጥ፣ ሌላ መፈክር አሰሚ የእሱን ስም ጠርቶ ይውደም አለበት። የእሱን አሰሚ አፉን አላዳለጠውም።

እኔ እንዴት ነዎት ለማለት ቤታቸው መመላለስ አበዛሁ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የምመላለሰው ለእህታቸው እንደሆነ ሁሉም አወቀ። ሲድሩልኝ "አንዴ አፌ ጎትቶ ያመጣብኝ ጣጣ ነው፤ ምን አደርጋለሁ" ብለው ሠርገኛውን አሳቁት። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር። ብዙ ጊዜ ለብቻቸው አግኝቼ "ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ሆን ብለው ነው?" ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። መልሳቸው አንድ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል በተኙ ጊዜም ጠየቅኋቸው። እጄን ይዘው "አዳለጠኝ አልኩህ እኮ" አሉኝ። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ረቂቁን ለባለቤታቸው አነበብኩላቸው። እዚያች ቦታ ስደርስ አስቆሙኝ።

"አዳለጠው ብለህ እንዳትጽፍ" አሉኝ። "የዚያን ዕለት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ፊቱን እየታጠበ፣ 'ይህ አሻጥረኛ ይኑር፣ ይህ አሻጥረኛ ይኑር' ሲል አገኘሁት። ምን ነካህ ብለው፣ 'ዛሬ አፌን ያዳልጠኛል' አለኝ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ደበቁኝ?" አልኳቸው።

"እሱ እስካለ ድረስ እንዳልናገር አስምሎኝ ነው። 'ሆን ብዬ ነው ካልኩ፣ የሒሳብ ሹሙ ሚስት «በእኔ ባል ጊዜስ ለምን እንዲህ አላልክም?» ትለኛለች፤ መልስ የለኝም' ይል ነበር።"

ወገኖቼ፣ እኔ አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ በስህተት የምኖር ይመስለኝ ነበር። ልጆቼን ሳቅፍ፣ ቤቴን ስሠራ፣ ሌላ ሰው ሊኖረው የሚገባውን ዕድሜ በምላስ ወለምታ የወሰድኩ ይመስለኝ ነበር። በሐዘናችን መሀል ይህን ማለት ያሳፍረኝ ይሆናል፤ ግን እፎይ ብያለሁ። አስበውበት፣ ፊታቸውን እየታጠቡ ተለማምደው፣ የሚመጣባቸውን እያወቁ ኑር ያሉኝ ሰው ነበሩ።

ጋሽ ጡሩምባ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እህታቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ለቤተሰባቸው መጽናናትን እንመኛለን። ፈጣሪም ነፍሳቸውን በፊቱ ትኑር ይበልልን፤ ሆን ብሎ።