የታሰረው ማብሪያ

አብዱናስር፣ ወደ ጓሮ ከመውጣትህ በፊት ይህን አንብብ።

የእንጨት መቅረጫውን ራውተር እንዳትነካው። ስፒናውን ከሩቅ ሆኜ ገመዱን ጎትቼ ነቅዬዋለሁ። መቅረብ አቃተኝ።

የመቻራውን ደንበኛ አልጋ ራስጌ ለልክ በሠራኸው ፎርማ ዙሪያ እየቀረጽኩ ሳለ መብራት ሄደ። ማሽኑን እዚያው ፎርማው ላይ ትቼ፣ እንጨቱን የያዘውን ሞርሳ ላጠብቅ እጄን ሰደድኩ። ማብሪያው በፕላስተር መታሰሩን ረስቼው ነበር። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ብቻውን ተነሳ። ወላሂ፣ እንደ ደነበረ ወይፈን ጠረጴዛው ላይ እየዘለለ ወደ እኔ መጣ። መብራቱ መልሶ ባይሄድ ኖሮ…

ፎርማህን በልቶታል። ኮምፔርሳቶውን ስንት ቀን እንዳለሰለስከው አውቃለሁ፤ አፉ በለኝ።
ግን ማብሪያውን ያሰርኩት እኔ አይደለሁም። "ሲጫኑት ጣት ያደክማል፣ አቦ ምን ያስፈራሃል?" ያለኝ ማን እንደሆነ አልጽፍም።

እጄ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።
ቦርደዴ እናቴ ዘንድ ሄጃለሁ። ደውለህ ስለዚህ ነገር አታንሳ፤ አጠገቤ ናት።

ፕላስተሩን ራስህ ፍታው።
ምላጩ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ የሸሚዜ እጅጌ ነው። እሱንም አንተው አውጣው።

መስዑድ