ትርፍ ሳህን

ይድረስ ሲድኒ ላለችው ልጄ ለግሮኒያ፤ በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ትተሽው እንደሄድሽው ነው። እዚያ አሁን ሙቀቱ ሊጀምር ነው አሉ፤ ፀሐዩን አትዳፈሪው፣ ኮፍያ አድርጊ።

እዚህ አየርላንድ ቅጠሉ ዘንድሮ ቀድሞ ረገፈ። ትናንት ሃሎዊን፣ የሙታን ምሽት ነበር። መስኮቱ ላይ ቀይ ቅጠልና የጫካ ፍሬ ደረደርኩ። ዱባ ፈልፍዬም ሻማ አበራሁበት፤ አፉ ተጣመመብኝና ቁርጥ አጎትሽን መሰለ።

ጎረቤታችን አትራክታ እራት መጣች። እንደ በዓሉ ልማድ ዘቢብ ዳቦው ውስጥ ለዕጣ የደበቅኩት ቀለበት ለእሷ ወጣ። «በዓመቱ ታገቢያለሽ» ስላት፣ «በሰባ ዓመቴ? ይልቅ ጥርሴን ሊሰብረኝ ነበር!» አለችኝ።

ሙታን በዚያች ምሽት ወደ ቤታቸው ይመጣሉና እንደ ወጋችን ለአባትሽ ሳህን አኖርኩለት። አትራክታ ጠረጴዛውን አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ትርፉ ሳህን ሁለት ነው። ሌላ ማን ሞተብሽ?»

ለካ እጄ ለምዶበት ያንቺንም አስቀምጧል።

«ልጅቷ በሕይወት እያለች! አንሺው፣ ሟርት ነው!» ብላ ጮኸችብኝ።

አነሳሁት። ምንም ያልነካው ሳህን ነው፤ ግን አጠብኩትና መደርደሪያው ላይ መለስኩት።

ስልክ ከደወልሽ ሦስት ወር ሆኖሻል። ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ።

ዕድሜሽ ከእኔ ይርዘም፤ የዘረጋሽው እጅ ባዶውን አይመለስ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ የሚመጣው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ነይ። አባትሽ እንኳ ሞቶ በየዓመቱ ይመጣል።

እናትሽ ኑዋላ