የዚያኛው በር

ጥፋቱ ፊደል ያስቆጠረኝ የመምህር ክፍሉ ነው፤ ይህን ሳልናገር ሰላምታ አይወጣልኝም። እህት ዓለም አሰገደች፣ አስመራ እንዴት ይዛሻለች? እኔ ዘነበች ድሬዳዋ አለሁ፣ መኖር ከተባለ።

እሑድ ከልጄ ከተሰማ ጋር ስታዲየም ሙዚቃ ልናይ ሄድን። ካሴቱን እስኪበጠስ የሚሰማለት ጊታር መቺ መጥቶ ነበር። ተሰማ ክንዴን ይዞ ከእኔ ጋር ሊገባ ሲል የበሩን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ «ወንዶች በዚያኛው በር!»

«እማዬ፣ ካድሬ ሆንሽብኝ እኮ!» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ሙዚቃው ሲያልቅ በዚያኛው በር የጠበቀኝ የአፈሳው የጭነት መኪና ዱካ ብቻ ነው።

እናንተ ጋ አዲስ ወታደሮች ሲያልፉ ፊታቸውን ታያለሽ? ተሰማ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። መልስሽን ጎረቤቴ ቱሪያ ታነብልኛለች፤ እኔ ከእንግዲህ ፊደል አላነብም።